ተርባ የማታውቅ ቦክሰኛ

የጠየቁት ሁለት ገጽ ነበር። «የልጅቷ የሕይወት ታሪክ፣ በተለይም ያሳለፈችው መከራ» ይላል ደብዳቤው። የላከው የቦክስ ግጥሚያዎችን በኢንተርኔት እያስተላለፈ የሚተዳደር የውጭ ድርጅት ነው። የተላከለት ደግሞ ጎፋ ውስጥ በአንድ የወጣት ማዕከል አዳራሽ ቦክስ የሚያሠለጥን ሰው ነው። አሠልጣኙ በእንግሊዝኛው ስላልተማመነ ወረቀቱን አሳትሞ ላፍቶ እስካለው ኮንዶሚኒየማችን ድረስ ይዞት መጣ። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። ቦክሰኛዋ ከእናቷ ጋር አራተኛ ፎቅ፣ ልክ ከራሴ በላይ ትኖራለች። ማለዳ ገመድ ስትዘል የመኝታ ቤቴ አምፖል ይወዛወዛል፤ ትውውቃችንም በዚሁ የተጀመረ ነው።

«ጸሐፊ ነህ አሉኝ» አለ አሠልጣኙ ሳይቀመጥ።

«ልክ ነው።»

«መከራ መጻፍ ትችልበታለህ?»

«የራሴን ወይስ የሰው?»

ቀልዱን አልፎት ተቀመጠ። የኔ እኩያ ነው፤ አፍንጫው ሁለት ቦታ ተሰብሮ የተጠገነ፣ ሲናገር ወለሉን የሚያይ ሰው። ነገሩን በአጭሩ አስረዳኝ። ልጅቷ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ደመወዝ ይከፍላት የነበረው ክለብ የሴቶቹን ቡድን በትኖታል። አገር ውስጥ ከክለብ ውጭ በቦክስ የሚተዳደር ሰው እሱ አያውቅም፤ በቡጢ መኖር ከፈለገች ያላት መንገድ ውጭ ወጥቶ ለገንዘብ መጋጠም ብቻ ነው። ይህ ድርጅት ደግሞ አሠልጣኙ በስልኩ ቀርጾ የለቀቀውን ቪዲዮ አይቶ በየሳምንቱ በሚያቀርበው ዝግጅት ላይ አንድ ግጥሚያ ሊሰጣት አስቧል።

«አስቧል ነው ያልኩህ» አለ። «ታሪኳ ካማረ ይጠሯታል። ካላማረ ሌላ ይፈልጋሉ። በሃያ ሰባት ዓመቷ ሁለተኛ የሚጠራት የለም፤ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች።»

«ስለ ቡጢዋስ ምን አሉ?»

«ስለ ቡጢዋ ምንም አልጠየቁም።»

ኢንተርኔት ቦክስን አበላሸው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አይመስለኝም። ቦክስ ንጹሕ የነበረበትን ዘመን የሚያሳየኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። በዲሽ ጊዜ ቻናሉ የሚገዛው አንድ ትልቅ ግጥሚያ ነበር። ከዚያ በፊት የሚታዩት አራት አምስቱ ሰው ወንበር እስኪይዝ ጊዜ መግፊያ ነበሩ። ቪዲዮ ቤት የገባ ሰው መግቢያውን ከፍሏል፤ ቢሰለቸውም አይወጣም፤ ለውዙን እየፈለፈለ ይጠብቃል። የዛሬው ተመልካች ሶፋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን ይዟል። ትንሽ ከደበረው በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ ወደ ሌላ ይሄዳል። ድርጅቱም የሄደበትን ደቂቃ ቁጭ ብሎ ያያል። ስለዚህ ማንም የማያውቃቸው ሁለት ሰዎች ሲጋጠሙ ተመልካቹ እንዳይሄድ አንድ ነገር ቀድሞ መቀመጥ አለበት። የተገኘው መላ ከግጥሚያው በፊት የሚታይ አጭር ፊልም ነው፦ ቆርቆሮ ቤት፣ የምታለቅስ እናት፣ ባዶ እግር። ቡጢው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ድሮ ቦክሰኛው ካሸነፈ በኋላ ታሪኩ ይነገርለት ነበር። አሁን ለመጋጠም ራሱ ታሪክ ያስፈልጋል። መከራ መግቢያ ቲኬት ሆኗል ማለት ነው፤ ይህቺ ልጅ ደግሞ በኋላ እንደተረዳሁት ቲኬት አልነበራትም።

በማግስቱ ቤቴ ጠራኋት። ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ሁለት እጆቿን ጉልበቶቿ መካከል ከትታ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ምን ልበልዎት? ተርቤ አላውቅም እኮ።»

«አንድ ቀን እንኳ?»

«ቤተ ክርስቲያን የጾም ጸሎት ሲያውጅ።»

«ተመትተሽስ ታውቂያለሽ?»

«ልምምድ ላይ?»

«ቤት ውስጥ።»

ትንሽ አሰበች። «እማዬ ቀኑን ሙሉ የሰው ልጆች ስትቆጣ ውላ ስለምትመጣ ለኔ የሚተርፍ ጉልበት አልነበራትም።»

አባቷ በመሥሪያ ቤት የመሬት ቀያሽ ነበሩ። እናቷ ከወላይታ በአስተማሪነት ተመድበው መጥተው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዲሬክተርነት ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ብሎካችን ውስጥ እስከ ዛሬ «ዲሬክተሯ» እየተባሉ ነው የሚጠሩት። ቤቱን አባትየው በሕይወት እያሉ በዕጣ አገኙት። ልጅቷ ቁርስ በልታ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ምሳ ትቋጥራለች። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ጓደኛዋን ለማጀብ ወደ አዳራሹ ሄደች። ጓደኛዋ በሁለተኛው ሳምንት አቆመች፤ እሷ ቀረች።

«ለምን ቀረሽ?»

«ደስ ስላለኝ።»

«ምኑ?»

በሩ መዘጋቱን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰው መምታት። እንዳይጽፉት ግን።»

አልጻፍኩትም። የቀረውን በሁለት ገጽ ጽፌ ላክሁ። ከሦስት ቀን በኋላ የዝግጅቱ አዘጋጅ የሆነች ሴት በስልክ አገኘችኝ። ትሑት ናት፤ ጽሑፌን አመሰገነች፤ ወዲያው ወደ ጉዳይዋ ገባች።

«አባቷ ሞተዋል ይላል» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ተስፋ ነበር። «እንዴት ሞቱ?»

«ታመው። ጡረታ ከወጡ በኋላ።»

«ልጅ ነበረች?»

«ሃያ አራት ዓመቷ ነበር።»

«በጣም አዝናለሁ» አለችኝ። ማዘኗን አልጠረጠርኩም። ያሳዘናት ግን ሃያ አራቱ ነበር።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለ የቪዲዮ ቀራጭ ቀጥረው እንደሚልኩ ነገረችኝ። ቃል የማይነግረውን አንዳንድ ጊዜ ካሜራ ያገኘዋል አለች። ለአሠልጣኙ ነገርኩት፤ አሠልጣኙ ደግሞ ለዲሬክተሯ ነገራቸው። ስህተቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋተኛ ፈልጌ አጥቼለታለሁ። «የውጭ ድርጅት የላካቸው ሰዎች ቅዳሜ ቤታችሁን ሊያዩ ይመጣሉ» ነበር ያላቸው። ድሃ መስለው ይጠብቁ የሚለውን ማን ይንገራቸው? እኔ አልደፈርኩም። እሱም አልደፈረም። ልጅቷማ ጭራሽ።

ዲሬክተሯ የልጃቸውን ቦክሰኝነት ሌላ ሃይማኖት ያለውን አማች እንደሚችሉት ችለውት ነበር የኖሩት፤ ስለ እሱ አያወሩም፣ አይጠይቁም፣ በጸሎታቸው ግን አይረሱትም። እንግዳ ሲባል ግን ሌላ ነገር ነው። ሐሙስ ዕለት ግድግዳው ቀለም ተቀባ። ዓርብ ጠዋት ከምድር ቤት የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴው ሚስት፣ የስልጤ ተወላጅ ናት፣ ገና ላስቲኩ ያልተላጠ የቱርክ ሶፋዋን ከነምንጣፉ አዋሰቻቸው። ስድስት ሆነን በዚያ ጠባብ ደረጃ አራተኛ ፎቅ አወጣነው፤ እኔ አንዱን እግሩን ይዤ ነበር። ከሁለተኛ ፎቅ መጋረጃ መጣ። ከአራተኛ ፎቅ ጎረቤት ትልቁ ቴሌቪዥን መጣ። የብርጭቆ ቁም ሣጥኑ ከየቤቱ በተዋጣ ብርጭቆ ሞላ።

ሶፋ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ቤት ሲቀባ፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ባለችበት ቤት ይህ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። እስከ ማታ ብሎኩ በሙሉ ሽማግሌ ሊመጣ ነው አለ። የመጀመሪያ ፎቋ ባልቴት ደረጃው ላይ ልጅቷን አቅፈው ሳሟት።

«እልል! ልጁ ከየት ነው?»

«ኧረ ልጅ የለም እማማ። ለቦክስ ነው፤ ካሜራ ነው የሚመጣው።»

«ካሜራም ይዘው ይመጣሉ? እሰይ፣ ደህና ቤተሰብ ነው።»

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ቀራጩ መብራት ከሚይዝ ባልደረባው ጋር ደረሰ። ሠላሳ ያልሞላው ቀልጣፋ ወጣት ነው። በሩ ላይ ቆመና ሶፋውን፣ ቀጥሎ መጋረጃውን፣ ቀጥሎ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው የቆሙትን ዲሬክተር አየ።

«ማዘር፣ ይቅርታ፣ የቦክሰኛዋ ቤት ይሄ ነው?»

«ግቡ፣ ግቡ። ጌታ ይባርካችሁ። መጀመሪያ ምሳ ትበላላችሁ።»

«ማዘር፣ አራት ሰዓት ነው እኮ።»

«እንግዲያው ቁርስ።»

ቁርሱ ሦስት ዓይነት ነበር፤ መጨረሻ ላይ ከጎፋ የታዘዘ ኬክ መጣ። ቀራጩ ሁሉንም በላ፤ የሙያ ሰው ነው፣ ያገኘውን አያባክንም። እናትየውን ሶፋው ላይ፣ ልጅቷን ከብርጭቆ ቁም ሣጥኑ ፊት ጭማቂ ስትጠጣ ቀረጸ። ከዚያ እኔንና አሠልጣኙን ወደ ኮሪደሩ ጠራን።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይሄን ከላክሁ ሁለተኛ ሥራ አይሰጡኝም። ሰውዬ፣ ይሄ ቤት ከአለቃዬ ቤት ይበልጣል!»

«ምን ይሻላል?» አለ አሠልጣኙ።

«ስመጣ ከታች ወንዙ ዳር ቆርቆሮ ቤቶች አይቻለሁ። አንዱን ለግማሽ ቀን እንከራየው። ልጅቷ በሩ ላይ ተቀምጣ እጇን በፋሻ ትጠቅልል። አለቀ።»

አሠልጣኙ ወለሉን አየ። «ፊልም አይደል?» አለ ቀስ ብሎ። «ፊልም ላይ ሁሉም ይደረጋል።»

ልጅቷ ከኋላችን መጥታ ነበር። «እሄዳለሁ» አለች። «አሁኑኑ እንሂድ።»

ዲሬክተሯም መጥተዋል። የኬክ ቢላዋ እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«የማን ቤት ነው የምትሉት?»

«የማንም ይሁን ማዘር፣ ለቀረጻ ነው» አለ ወጣቱ።

«ሰው የለበትም?»

«ለግማሽ ቀን ወጣ ይላሉ።»

«ልጄ ሰው ከቤቱ አስወጥታ፣ በሰው በር ላይ ተቀምጣ ድሃ ነኝ ልትል ነው?»

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች።

«እማዬ፣ ይሄ ካለፈኝ ሌላ የለም። ታውቂያለሽ አይደል? አለቀልኝ ማለት ነው።»

«አውቃለሁ። ስንት ዓመት ነው ስትዘይ የምሰማሽ? አውቃለሁ። ግን ይሄ ስልክ ላይ የሚቀር ነገር ነው። ሶዶ ያሉት አክስቶችሽ ያዩታል። ያስተማርኳቸው ልጆች ያዩታል። ሞቼም ይታያል። አባትሽ ሠላሳ ዓመት በየሜዳው መሣሪያ ተሸክሞ የዞረው አንቺ የሰው በር ላይ ተቀምጠሽ የለኝም እንድትይ ነው?»

እኚህ ሴት ግጥሚያው የሚታይበትን የስልክ መተግበሪያ ከፍተው አያውቁም። ነገር ግን እኔ በብዙ ንባብ የደረስኩበትን፣ ወይም ደርሼበታለሁ ብዬ የማስበውን፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያስቀመጡት። በዲሽ ጊዜ የታየ ነገር ታይቶ ያልፍ ነበር። ይሄኛው አያልፍም። ልጅቷ አንዴ ድሃ ሆና ከተቀረጸች ከዚያ በኋላ ብትከብርም እዚያ በር ላይ እንደተቀመጠች ትኖራለች።

ልጅቷ ግን አለቀሰች። ድምፅ ሳታሰማ፣ ፊቷን ሳትሸፍን፣ ቀጥ ብላ እንደቆመች። ቀራጩ ካሜራውን ሊያነሳ እጁን ሰነዘረና የእናትየውን ቢላዋ አይቶ ተወው።

ቀጥሎ የተናገርኩትን በደግነት አልተናገርኩትም። ሁሉም ሰው አንድ ነገር እንዲባል ሲጠብቅ ተቃራኒውን መናገር የቆየ አመሌ ነው።

«እንዳለ ቢላክስ?» አልኩ። «ደልቷት ያደገች ናት ብለን።»

«ጋሼ፣ ማን ያዝንላታል?» አለ ወጣቱ።

«ማንም። ይጠሏታል። አንተ የምትወደው ሲያሸንፍ ለማየት ትቆያለህ። የምትጠላው ሲወድቅ ለማየትስ?»

ወጣቱ ካሜራውን አወረደ። «እቆያለሁ» አለ። «እስከ መጨረሻው ነው የምቆየው።»

ዲሬክተሯ ተራ በተራ አዩን። «ደልቷት አደገች ማለት ነውር አለው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«የለውም።»

«ውሸትስ አለው?»

ሶፋውን ላለማየት ሞከርኩ። «ብዙም የለውም።»

«እንግዲያው ጻፍ ወንድሜ» አሉና ወደ ኬካቸው ተመለሱ።

እዚያው ቁጭ ብዬ ግማሽ ገጽ ጻፍኩ። ተርባ አታውቅም፤ አባቷ ይወዷት ነበር፤ እናቷ ዲሬክተር ናቸው። በቦክስ ያመለጠችው ነገር የለም። ታዲያ ለምን ትጋጠማለች? እዚህ ላይ ብዕሬን አቁሜ ልጅቷን በዓይኔ ጠየቅኋት። እናቷን አየች። እናቷ ኬክ በመቁረጥ በጣም ተይዘው ነበር። ራሷን ነቀነቀችልኝ። «ሰው መምታት ደስ ስለሚላት» ብዬ ጨረስኩት።

መልሱ በዚያው ቀን መጣ። አንድ መስመር ነው፦ «ይህችኛዋን ነው የምንፈልገው።»

ፊልሙ ከግጥሚያው አንድ ሳምንት ቀድሞ ተለቀቀ። «የአዲስ አበባዋ ልዕልት» ብለዋታል። በዚያ ሳምንት ውስጥ ከሶዶ ብዙ ዘመድ ደወለ፤ ለሰላምታ ብቻ እንዳልደወሉ መገመት አይከብድም። የቤተ ክርስቲያኑ የሕንፃ ኮሚቴ ዲሬክተሯን የክብር አባል አደረጋቸው። የሰፈሩ ሊስትሮ ሳይቀር «ልዕልት» እያለ ያሾፍባት ጀመር። እሷ ሁሉንም ሰምታ ወደ አዳራሿ ትሄዳለች። የሚያስጨንቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህ አንድ ግጥሚያ ብቻውን ይቀራል ወይስ ሌላ ይከተለዋል? ያ ደግሞ የሚወሰነው ተመልካቹ በመቆየቱ ነው፤ አዘጋጇ ይህን በግልጽ ነግራኛለች።

ግጥሚያው የዓረብ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ በሚገኝ ከተማ፣ በእኛ ሰዓት ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። አሠልጣኙ አብሯት ሄዷል። ብሎኩ ዲሬክተሯ ቤት ተሰበሰበ፤ የውሰት ዕቃው ወደየቤቱ ስለተመለሰ የተቀመጥነው የእድር ወንበር ላይ ነው። መተግበሪያው የውጭ ባንክ ካርድ ስለሚጠይቅ የከፈትነው ጅዳ ባለው የነጋዴው ወንድም አካውንት ነው። እዚያ አካውንት ላይ ስንት ቤተሰብ እንደሚያይ አላህ ይወቀው አለ ነጋዴው።

መጀመሪያ የእኛዋ ፊልም ታየ። ዲሬክተሯ ፈገግ ብለው ተቀምጠዋል፤ ልጅቷ ጭማቂዋን ትጠጣለች።

«ወላሂ ሶፋዬ!» ብላ የነጋዴው ሚስት ብድግ አለች።

«ተቀመጪ እንጂ፣ ልጅቷን እዪ» አላት ባሏ።

«ልጅቷንማ በየቀኑ ደረጃ ላይ አያታለሁ። ሶፋዬ ነው በዓለም ላይ የታየው!»

ቀጥሎ የተጋጣሚዋ መጣ። ከሌላ የአፍሪካ አገር ነች፤ እናቷ የሰው ልብስ ያጥቡ ነበር፣ ሞተዋል፤ ሦስት ታናናሾቿን ታሳድጋለች፤ ጓንት የገዛችው ጫማዋን ሸጣ ነው። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ምናልባት እዚያም አገር አንድ ጸሐፊ ጎረቤት ይኖራት ይሆናል። ፊልሙ አለቀ። ዲሬክተሯ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«የኔ ልጅ፣ ጌታ ይርዳሽ» አሉ። ወዲያው ከማን ጋር እንደምትጋጠም ትዝ አላቸውና አፋቸውን ያዙ።

ስድስት ዙር ነው። ሴቶች አንዱን ዙር የሚጋጠሙት ሁለት ደቂቃ ስለሆነ ባጠቃላይ አሥራ ሁለት ደቂቃ ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች የእኛዋ የሚሰነዘርባትን ሁሉ በግንባሯ ተቀበለች። እዚያ ያለው ሕዝብ ይጮኻል። በማያ ገጹ ጎን የተመልካቾች መልእክት እንደ ዝናብ ይወርዳል፤ ነጋዴው ጥቂቱን ተርጉሞልን ተወ። በሦስተኛው ዙር አንድ የቀኝ ቡጢ መንጋጋዋ ላይ አረፈና ወደቀች።

ዲሬክተሯ አልጮኹም። ተነሥተው ግድግዳውን በመዳፋቸው ደግፈው ቆሙ። ዳኛው ሲቆጥር ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ይጸልዩ ይሁን ይቁጠሩ አላውቅም። በሰባት ላይ ልጅቷ ተነሣች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያስተዋሉ ብዙ አይመስሉኝም። በአምስተኛው ዙር ተጋጣሚዋ አፏን ከፍታ መተንፈስ ጀመረች። የእኛዋ አልተለወጠችም፤ እንደ መጀመሪያው ደቂቃ ነበረች። በስድስተኛው የግራ እጇ መንገዱን አገኘ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ተጋጣሚዋ አቅፋ ያዘቻት፤ ዳኛው ሲለያያቸው እንደገና አቀፈቻት። ደወሉ ሲደወል በእግሯ የቆመችው የእኛዋን ትከሻ ተደግፋ ነበር። ዳኞቹ ግን ነጥብ የሚቆጥሩት ከመጀመሪያው ነው። ተሸነፈች።

ሰኞ ስትመለስ አንድ ዓይኗ ተዘግቶ ነበር። ደረጃው ላይ ተገናኘን። ያንን ግማሽ ገጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አጻጻፉን ወድጄው ነበር። «እንኳን ደህና መጣሽ» ብቻ ብዬ አለፍኩ።

ከአሥር ቀን በኋላ ውል መጣ፤ የሦስት ግጥሚያ። አሠልጣኙ እኔ ቤት ይዞት መጣ፤ ደስ ያለው አይመስልም።

«ብታሸንፍ ኖሮ አይደውሉም ነበር» አለ። «የወደቀችበትን ለብቻው ቆርጠው ለቀውታል። ሰዉ እየደጋገመ እያየው ነው አሉኝ፤ እንደ ምሥራች ነው የነገሩኝ። አሥር ዓመት ሙሉ እንዳይነኳት አስተማርኳት። እነዚህ ሊከፍሏት የፈለጉት ስትነካ ነው።»

«ምን አልካት?»

«ተዪው አልኳት። አዳራሹ ውስጥ ልጆች አሠልጥኚ አልኳት።»

«እሷስ?»

«ጋሼ ያንብቡልንና እንወስናለን አለች።»

በማግስቱ ከሰዓት ልጅቷና እናቷ ወረዱ፤ አሠልጣኙም ነበር። ውሉን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማርኛ አነበብኩላቸው። ወርቅማ ቁምጣ እንድትለብስ ይላል። ቀጣዩ ፊልም ላይ መኪና እንድትነዳ ይላል፤ መኪናውን እነሱ ያመጣሉ። ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ድህነት እንዳታወራ ይላል።

«ማሸነፍን የሚከለክል ነገር አለው?» አለች።

ሁለት ጊዜ አገላበጥኩት። «የለውም።»

«ዙሩ ስንት ነው?»

«ስድስት።»

«ስምንት ይሁን ይበሉልኝ።»

አሠልጣኙ ቀና አለ። ከወለሉ ላይ ዓይኑን ሲያነሣ ሙሉ ፊቱን ያየሁት ያኔ ነው። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ።

እዚያው ለአዘጋጇ ጻፍኩላት። መልሱ አንድ ሰዓት አልፈጀም። አዘጋጇ በደስታ ነበር የጻፈችው፤ ስምንት ዙር ድንቅ ሐሳብ ነው፣ ተመልካቹ ልዕልቲቱን የበለጠ ጊዜ ያያታል፣ ጥያቄውን ማን እንዳመጣው ልታመሰግነው ትፈልጋለች። ይህን ስተረጉም ልጅቷ ፊቷን አልለወጠችም።

ዲሬክተሯ መነጽራቸውን አድርገው፣ ቋንቋውን እንደሚያርሙት ሁሉ እያንዳንዱን ገጽ አገላበጡ።

«ስምንት ዙር ስንት ደቂቃ ነው?» አሉ።

«አሥራ ስድስት።»

«ስድስቱስ?»

«አሥራ ሁለት።»

«እንግዲህ አራት ደቂቃ ተጨምሮ ልትደበደቢ ነው።»

«አይ እማዬ። የመጀመሪያውን እኔ እቀበላለሁ፤ እሱ አይቀርም፤ ሞተሬ ቶሎ አይሞቅም። የመጨረሻዋን አራት ደቂቃ የምትቀበለው ግን እኔ አይደለሁም።»

«ይህን እነሱ ያውቃሉ?»

«አያውቁም። እነሱ የሚያዩት ስወድቅ ብቻ ነው።»

ዲሬክተሯ የልጃቸውን የዓይን ዙሪያ አዩ፤ እብጠቱ ወርዶ ቢጫ ሆኗል። በጣታቸው ነኩት። ልጅቷ አልሸሸችም። ከዚያ ወደ አሠልጣኙ ዞሩ።

«እውነቷን ነው?»

«እውነቷን ነው» አለ። «መጀመሪያ ላይ ግን ግራ እጇን ከፍ ማድረግ አለባት። እሱን እኔ አስተምራታለሁ።»

ዲሬክተሯ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉት፣ ከእጄ ብዕሩን ወስደው ለልጃቸው ሰጧት።

«ስምሽን ቀስ ብለሽ ጻፊው» አሉ። «የሚነበብ ይሁን።»